«ጋብዘዋቸው ነው የመጡት?» ብሪታንያ በሯን ለመዝጋት 14 ዓመት ለምን ፈጀባት

ጥያቄ፦ «ለንደን ነው የምኖረው። አብራኝ የምትሠራ የጃማይካ ተወላጅ አለች። አባቷ በ1950ዎቹ ሲመጡ ቪዛ የሚባል ነገር አያውቁም፤ የእንግሊዝ ፓስፖርት ይዘው ነው የገቡት ትለኛለች። እኔ ደግሞ ለቪዛ ያየሁትን ፍዳ አውቃለሁ። ነገሩ እንዴት ነው? ከጦርነቱ በኋላ ሠራተኛ ስላጠረው መንግሥት ራሱ ጋብዞ አመጣቸው ይባላል፤ እውነት ነው? ከሆነስ ኋላ ለምን ከለከለ? መንግሥት ውስጥ ማን ምን ይል ነበር?»

መልስ፦ «ጋብዞ» ከምትለዋ ቃል ልጀምር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሷ ላይ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መንግሥት አልጋበዛቸውም። በሩ ክፍት ነበር፤ የቤቱ ባለቤት ግን ያን ያህል ሰው ይገባበታል ብሎ አላሰበም። ሲገቡ ደነገጠ። ከዚያ ከ1948 እስከ 1962 ድረስ እንዴት እንደሚዘጋው ሲመክር ኖረ። «ይዘጋ ወይስ አይዘጋ» የሚለው ክርክር ነበር፤ አልክድም። የበለጠ ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነው፦ ለጥቁር ብቻ መዘጋቱ ሳይታወቅ እንዴት ይዘጋ?

መጀመሪያ ሕጉን እንየው። በዚያ ዘመን በንጉሡ ግዛት የተወለደ ሁሉ «የብሪታንያ ተገዢ» ይባል ነበር። ለንደን ተወለደ፣ የጃማይካዋ ኪንግስተን ተወለደ፣ ቦምቤይ ተወለደ፣ ስሙ አንድ ነው። ተገዢ የሆነ ሰው ወደ «እናት አገር» ለመግባት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በኑሮ እኩል እንዳልነበሩ የታወቀ ነው። ወደብ ላይ ግን እኩል ነበሩ።

የእርስዎን የቪዛ ነገር እዚሁ ላይ ላንሳው። ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት አልነበረችም። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ በእንግሊዝ ሕግ «የውጭ አገር ሰው» ነው። የውጭ አገር ሰው ደግሞ ያን ጊዜ በ1920 በወጣ ደንብ ነበር የሚተዳደረው። ሲገባ ወደብ ላይ ካለው መኮንን ፈቃድ ያገኝ፣ ለሥራው ፈቃድ ይወጣለት፣ ፖሊስ ዘንድ ይመዘገብ ነበር። ጃንሆይ ባዝ ከተማ በስደት በኖሩባቸው ዓመታት እንኳ በሕጉ ዓይን የውጭ አገር ሰው ነበሩ። ከኪንግስተን የመጣ ወዛደር ግን አልነበረም። ቅኝ አለመገዛታችን ለንደን ወደብ ላይ አስከፈለን እያልኩ ስቀልድ የሚቆጡኝ ሰዎች አሉ።

ወደ ሕጉ ልመለስ። ነገሩን ያንቀሳቀሰችው ካናዳ ናት። በ1946 የራሷን የዜግነት ሕግ አወጣች። ከአሁን ወዲያ ሰው መጀመሪያ የካናዳ ዜጋ ነው፤ የብሪታንያ ተገዢነቱ ከዚያ የሚከተል ነው አለች። ለንደን ያሉ የሕግ ሰዎች ተጨነቁ። ሁሉም አገር እንዲህ የየራሱን ካወጣ ግዛቱን ያሰረው ገመድ ይላላል። ስለዚህ የ1948ቱን የብሪታንያ ዜግነት ሕግ አረቀቁ። ሕጉ «የዩናይትድ ኪንግደምና የቅኝ ግዛቶች ዜጋ» የሚባል አንድ ዜግነት ፈጠረ። የማንቸስተር የፋብሪካ ሠራተኛና የባርቤዶስ ሸንኮራ ቆራጭ በአንድ ስም ተጠሩ። የህንድ፣ የፓኪስታን፣ የአውስትራሊያና የካናዳ ዜጎችም የመግባት መብታቸው እንደተጠበቀ ቀረ።

እንግዲህ ይህን ሕግ ያረቀቁት ሰዎች በሐሳባቸው የነበረው ማን ነው? በመርከብ ሲመላለስ የሚታያቸው የአውስትራሊያና የካናዳ ነጭ ነው። የጃማይካ አናጺ ትኬት ቆርጦ ይመጣል ብሎ የተጨነቀ አልነበረም። ሕጉ ፓርላማ ሲቀርብ ከተቃዋሚው ወግ አጥባቂ ፓርቲ ዴቪድ ማክስዌል ፋይፍ ተነሥተው፣ እኛ የቀለም ገደብ ባለማድረጋችን እንኮራለን፣ ከግዛታችን ማዕዘን ሁሉ የሚመጣን ሰው በእንግድነት የመቀበል ልማዳችንን መጠበቅ አለብን አሉ። ይህን ስም ይያዙልኝ። ከሰባት ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ወደ መርከቧ። ኤምፓየር ዊንድረሽ ትባላለች። ድሮ ሞንቴ ሮዛ የምትባል የጀርመን መርከብ ነበረች፤ እንግሊዞች በጦርነቱ ማብቂያ ማርከው ስሟን ቀየሩ። በ1948 ኪንግስተን ስትደርስ ብዙ ባዶ ቦታ ነበራት። የጃማይካ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ወጣ፤ የታችኛው ወለል ዋጋ 28 ፓውንድ። እንግዲህ «ግብዣ» ከተባለ ግብዣው ይኼ ነው፦ ባዶ አልጋ መሙላት የፈለገ መርከብ ያወጣው የትኬት ማስታወቂያ። ከተሳፈሩት ብዙዎቹ በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ አየር ኃይል ያገለገሉ ወጣቶች ነበሩ። አገሩን ያውቁታል፤ ወደሚያውቁት ነው የተመለሱት። መርከቧ ቲልበሪ ወደብ ላይ ጁን 22 ቀን 1948 ሰው አወረደች። ከ1,027 ተሳፋሪዎች 802ቱ ከመሳፈራቸው በፊት የኖሩት ካሪቢያን ነበር።

ቀኑን ልብ ይበሉ። የዜግነት ሕጉ የጸደቀው ጁላይ 30 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በ1949 መጀመሪያ። ስለዚህ «የ1948ቱ ሕግ ዊንድረሽን አመጣት» የሚባለው በቀን መቁጠሪያ እንኳ አይገጥምም። ሰዎቹ የመጡት በአሮጌው የተገዢነት መብታቸው ነው።

መርከቧ ገና ባሕር ላይ ሳለች ለንደን ውስጥ የነበረው ግርግር ያስቃል፤ ያሳዝናልም። ሥልጣን ላይ ያለው የጠቅላይ ሚኒስትር ክሌመንት አትሊ የሌበር (የሠራተኛ ፓርቲ) መንግሥት ነው። የሠራተኛ ሚኒስትሩ ጆርጅ አይዛክስ ፓርላማ ቆመው፣ ሌሎች የእነዚህን ሰዎች ምሳሌ እንዲከተሉ ማንም እንደማያበረታታ ተስፋ አደርጋለሁ አሉ። የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትሩ አርተር ክሪች ጆንስ ለካቢኔው የጻፉት ማስታወሻ ደግሞ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ አለው። ሰዎቹ ሁሉ የብሪታንያ ተገዢዎች ናቸው፤ የጃማይካ መንግሥት እንዳይወጡ የሚከለክልበት ሕግ የለውም፤ እኛም እንዳይገቡ የምንከለክልበት ሕግ የለንም ይላል። አትሊ በበኩላቸው መርከቧን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ማዞር ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ ዋና ምድር) ውስጥ መንግሥት የጀመረው ትልቅ የኦቾሎኒ እርሻ ነበር፤ እዚያ ይሥሩ ነው ነገሩ። ዜጋ ሆኖ ለንደን ለመግባት ትኬት የቆረጠ ሰው ኦቾሎኒ ሊለቅም ታንጋኒካ! ሐሳቡ አልሆነም። እርሻው ራሱም ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሽፎ ቀረ።

ሰዎቹ በወረዱ ዕለት 11 የሌበር እንደራሴዎች ለአትሊ ደብዳቤ ጻፉ። የጥቁሮች ወደዚህ መጉረፍ የሕዝባችንን አንድነትና ስምምነት ያውካል፣ ቁጥጥር ይደረግ አሉ። አትሊ በጁላይ 5 መለሱላቸው። ይህን መልስ ለተማሪዎች ሁልጊዜ አስነብባለሁ፤ የዚያ ዘመን መንግሥት ሁለቱም ፊቱ አንድ ወረቀት ላይ ይታያል። ተገዢ የሆነ ሁሉ፣ ዘሩና ቀለሙ ምንም ይሁን ምን፣ በነጻ መግባቱ ልማዳችን ነው፤ በቀላሉ የሚጣል ልማድ አይደለም፤ በተለይ ከውጭ አገር በብዛት ሠራተኛ በምናስገባበት በዚህ ጊዜ ይላሉ። ዝቅ ብለው ደግሞ፣ የማይፈለጉ ሰዎች በብዛት የሚጎርፉ ከሆነ ግን ሳንወድ በግድ አሠራራችንን መለወጥ ሊኖርብን ይችላል ይላሉ።

«ከውጭ አገር በብዛት ሠራተኛ» ያሉት ቁልፍ ነገር ነው። ሠራተኛ አጥሮ ነበር የሚባለው እውነት ነው። ግን መንግሥት ሠራተኛ ፍለጋ የሄደው ወደ ኪንግስተን አልነበረም። ጀርመንና ኦስትሪያ ውስጥ በስደተኛ ካምፕ የነበሩ ላትቪያውያንን፣ ሊቱዋኒያውያንን፣ ዩክሬናውያንን ነው እየመለመለ ያመጣው፤ 80,000 ያህል። ከ100,000 በላይ የፖላንድ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸውም እንዲቀሩ በ1947 ሕግ ወጣላቸው። ለእነዚህ ግብዣ ነበር፤ ማረፊያም ተዘጋጀ። ዊንድረሽ ላይ ለመጡት ማረፊያ ላልነበራቸው ደግሞ ምን ተገኘላቸው? ክላፋም ሳውዝ የሚባለው የምድር ባቡር ጣቢያ ሥር የነበረው የጦርነት ጊዜ የቦምብ መጠለያ ተከፈተ። ከ200 በላይ ሰዎች ከመሬት በታች፣ ባቡር በላያቸው ሲያልፍ እየሰሙ አደሩ። ቅርቡ የሥራ ማገናኛ ቢሮ ብሪክስተን፣ ኮልድሃርበር ሌን ላይ ነበር። ብሪክስተን የካሪቢያን ሰፈር የሆነው ከዚያ ጀምሮ ነው።

የሠራተኛ ሚኒስቴር ባለሥልጣናት ለምን አውሮፓውያኑን እንደሚመርጡ ሲያስረዱ ያቀረቡት ምክንያት ቀልቤን ይስበዋል። አውሮፓዊው የውጭ አገር ሰው ነው። ማዕድን ግባ ከተባለ ማዕድን ይገባል፣ ሥራውን ጥሎ ቢሄድ ወይም ቢያጠፋ ወደመጣበት ይመለሳል። ጃማይካዊው ግን ዜጋ ነው። የፈለገበት ይሠራል፣ ካልተመቸው ይለቃል፣ ማባረር አይቻልም። መብቱ ራሱ ጥፋት ሆነበት።

ከዚያ የኮሚቴ ዘመን መጣ። ነገርን ለኮሚቴ መምራት የእኛ ቢሮዎች ብቻ ጸባይ አይደለም። በ1950 አትሊ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትራቸው በጄምስ ቹተር ኢድ የሚመራ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው በ1951 መጀመሪያ ሕግ አያስፈልግም፤ የሚመጡት ጥቂት ናቸው፤ ከበዙ እንደገና እናየዋለን አለ። ፋይሉ መሳቢያ ገባ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ቸርችል ሥልጣን ያዙ። በ1952 ደግሞ አሜሪካ አዲስ የኢሚግሬሽን ሕግ አወጣች። ለእያንዳንዱ ቅኝ ግዛት በዓመት 100 ሰው ብቻ ብላ ወሰነች። ለጃማይካውያን የወትሮው መንገድ ኒው ዮርክ ነበር። እሱ ሲጠብ ሰው ፊቱን ወደ እንግሊዝ አዞረ። በ1953 ከካሪቢያን የመጣው 2,000 ገደማ ነበር። በ1955 ወደ 27,500 ደረሰ።

የቸርችል ካቢኔ በ1954 እና በ1955 ያደረገውን ክርክር ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። ይፋው ቃለ ጉባኤ ጨዋ ነው፤ ስም አይጠቅስም፣ ስሜት አይታይበትም። የካቢኔው ጸሐፊ ኖርማን ብሩክ ግን በእጃቸው የሚጽፉት የግል ማስታወሻ ነበራቸው። ከ50 ዓመት በኋላ ይፋ ሆነ። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1954 ቸርችል ስለ «ቀለም ያላቸው» ሰዎች የተናገሩት እዚያ ላይ ሰፍሯል፦ ብዙዎቹ እዚህ ከሰፈሩ ችግር ይመጣል፣ የቀለም ጣጣ በገዛ እጃችን ልንሸከም ነው ወይ፣ የሚስባቸው የድጎማ ሥርዓታችን ነው። ሚኒስትራቸው ሃሮልድ ማክሚላን (ኋላ ራሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል) ደግሞ ጃንዋሪ 1955 ዲያሪያቸው ላይ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ «እንግሊዝን ነጭ እናድርጋት» የሚለው ጥሩ መፈክር ነው ብለው ያስባሉ ብለው ጻፉ፤ መጨረሻው ላይ ቃለ አጋኖ አድርገው።

ታዲያ ቸርችል እንዲህ ካሰቡ ለምን አልዘጉትም? እዚህ ላይ ነው የካቢኔው ነገር የሚጣፍጠው።

ይዘጋ የሚሉት ሚኒስትሮች መሪ ሎርድ ሶልዝበሪ ነበሩ። ተቃራኒው ጫፍ ላይ የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትሩ አለን ሌኖክስ-ቦይድ አሉ። ሌኖክስ-ቦይድ ለዘብተኛ ሰው አይምሰልዎ፤ የለየላቸው የኢምፓየር ሰው ናቸው። ለእሳቸው ግን ኢምፓየር ማለት ሁሉም ተገዢ በአንድ ጥላ ሥር ነው። ሕጉ ለቅኝ ግዛት ሰዎች ብቻ ከወጣ አልቀበልም አሉ። ካሪቢያንን በአንድ ፌዴሬሽን ለማሰባሰብ እየተሠራ ነው፤ በዚህ መሐል የእናንተን ሰው አንፈልግም ማለት እንዴት ይሆናል? የኮመንዌልዝ (የብሪታንያና የቀድሞ ግዛቶቿ ማኅበር) ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ሌላ ራስ ምታት ነበረው። ሕጉ ለሁሉም ከወጣ የሥጋ ዘመድ የሚሉትን አውስትራሊያዊም ይነካል። ለአንዳንዱ ብቻ ከወጣ ህንድ ትቆጣለች፤ ህንድ ውስጥ ደግሞ ብዙ የእንግሊዝ ንግድ አለ።

ከሁሉ የከፋችው አየርላንድ ነበረች። በየዓመቱ ከባሕሩ ማዶ የሚመጣው አይሪሽ ከካሪቢያኑ እጅግ ይበልጣል። አየርላንድ በ1949 ከኮመንዌልዝ ወጥታለች፤ በሕግ ግን ሰዎቿ እንደ ውጭ አገር ሰው አይቆጠሩም ነበር። ችግሩ የመኖሪያ ቤት እጥረት ከሆነ አይሪሹም ቤት ይፈልጋል። የሥራ ከሆነ እሱም ይሠራል። እሱን ትቶ ጃማይካዊውን ብቻ መከልከል ምክንያቱን ያጋልጣል። በ1955 ነገሩን ያጠኑ ባለሥልጣናት የሁለቱ ደሴቶች ሕዝብ በታሪክም በመልክዓ ምድርም አንድ ነው ብለው ተገላገሉ። ከ30 ዓመት በፊት ጦር ተማዝዘው የተለያዩ ሕዝቦች እንደነበሩ ለጊዜው ተረሳ።

ማስረጃ የማሰባሰብ ሙከራም ነበር። የፖሊስ አዛዦች በየከተማቸው ስላሉ ጥቁሮች እንዲጽፉ ተጠየቁ። የሥራ ማገናኛ ቢሮዎችም እንዲሁ። ሥራ ፈት ናቸው፣ ድጎማ ላይ ተንጠልጥለዋል፣ ወንጀል በዝቷል የሚል ነገር ቢገኝ ለሕጉ መነሻ ይሆናል። የመጣው መልስ ለዚያ የሚበቃ አልሆነም። አብዛኞቹ ይሠሩ ነበር።

በ1955 ረቂቅ ሕግ እስከማዘጋጀት ተደረሰ። በዚያው ዓመት አንቶኒ ኢደን ቸርችልን ተክተዋል። ኖቬምበር ላይ ካቢኔው ረቂቁን አስቀረና ሌላ የሚኒስትሮች ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው ማን ሆኑ? ሎርድ ኪልሙር። ሎርድ ኪልሙር ማለት በ1948 «የቀለም ገደብ ባለማድረጋችን እንኮራለን» ያሉት ዴቪድ ማክስዌል ፋይፍ ናቸው፤ ማዕረግ ሲያገኙ ስማቸው ተለወጠ። አሁን ሥራቸው ገደቡ ምን መልክ ይኑረው የሚለውን ማጥናት ሆነ። ኮሚቴው ተከፋፈለ፤ ነገሩ እንደገና አደረ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ሕግ በሌለበት በጓሮ በር መሥራት ይቻላል። የህንድና የፓኪስታን መንግሥታት ለሰዎቻቸው ፓስፖርት ሲሰጡ እንዲያጠብቁ ተጠየቁ፤ ተባበሩም። የካሪቢያን መንግሥታት ግን አገራቸው በሥራ አጥ ተጥለቅልቃ ሳለ ዜጋቸውን ለማገድ ፈቃደኛ አልነበሩም። ስለዚህ በ1950ዎቹ ከህንድና ከፓኪስታን የሚመጣው ጥቂት፣ ከካሪቢያን የሚመጣው ብዙ ሆነ።

አሁን «ግብዣ» ወደሚለው ልመለስ፤ ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው ብል አጋንኜ ይሆናል። ካቢኔው ሰው እንዳይመጣ ሲመክር ሌላው የመንግሥት እጅ ሰው ይፈልግ ነበር። የለንደን ትራንስፖርት ድርጅት ከ1956 ጀምሮ ባርቤዶስ ድረስ ሄዶ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጮችንና የባቡር ጣቢያ ሠራተኞችን ቀጥሯል። የባርቤዶስ መንግሥት የመርከብ ዋጋውን ያበድራቸው ነበር፤ ከደመወዛቸው ይከፍላሉ። ሆስፒታሎችም ከካሪቢያን ነርሶችን ተቀብለው አሠልጥነዋል። የባልደረባዎ አባት በዚህ መንገድ መጥተው ከሆነ «ጋብዘውኝ ነው» ቢሉ ትክክል ናቸው። የጋበዛቸው ግን ቀጣሪው ነው፤ ካቢኔው አይደለም።

ከዚያ 1958 መጣ። ኦገስት መጨረሻ ላይ መጀመሪያ ኖቲንግሃም ውስጥ፣ ቀጥሎ ለንደን ኖቲንግ ሂል ውስጥ ረብሻ ተነሣ። ኖቲንግ ሂል ላይ ነጭ ወጣቶች በቡድን ሆነው ጥቁሮችን በየመንገዱና በየቤታቸው ሲያጠቁ ሰነበቱ። ዘጠኝ ወጣቶች እያንዳንዳቸው አራት አራት ዓመት ተፈረደባቸው። የጃማይካው መሪ ኖርማን ማንሊ ሕዝባቸውን ለማየት ለንደን ድረስ መጡ። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛውን ለይቷል። ፓርላማ አካባቢ የተነሣው ወሬ ግን የተመቱት ሰዎች ቁጥር በዛ የሚል ሆነ። ሲረል ኦዝበርንን የመሰሉ ወግ አጥባቂ እንደራሴዎች ለዓመታት ይዘጋ ሲሉ ሰሚ አልነበራቸውም፤ አሁን ጆሮ አገኙ።

በሩን የዘጉት ራብ በትለር ናቸው፤ የማክሚላን መንግሥት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር። በትለር የተዋጣላቸው ፖለቲከኛ ናቸው። ሌሎቹ አሥር ዓመት የተጨነቁበትን እንቆቅልሽ በአንዲት ቃል ፈቱት፦ ሥራ። ሕጉ ስለ ቀለም አያወራም፤ ስለ ሥራ ነው የሚያወራው። ከኮመንዌልዝ ለሥራ የሚመጣ ሁሉ ቫውቸር፣ ማለትም የመግቢያ ፈቃድ ወረቀት ያስፈልገዋል። «ሀ» የሚሰጠው ቀጣሪ ለጠራው፣ «ለ» እንደ ሐኪምና ነርስ ሙያ ላለው፣ «ሐ» ደግሞ ለሌላው ሁሉ በተራ ነው። አውስትራሊያዊም ጃማይካዊም አንድ ወረፋ ላይ ይቆማሉ፤ በወረቀት ላይ።

በትለር ኦክቶበር 1961 ለካቢኔ ባልደረቦቻቸው የጻፉት ማስታወሻ ግን ወርቁን ከሰሙ ለይቶ አስቀምጦታል። የዚህ ዕቅድ ትልቁ ጥቅም የዘር ወይም የቀለም ልዩነት አያደርግም ተብሎ ሊቀርብ መቻሉ ነው ይላሉ። ቀጥለውም፣ ስለ ሥራ ብቻ የሚመለከት ቢመስልም ዓላማው በዋናነት ማኅበራዊ ነው፤ ገደቡ እንዲያርፍ የታሰበውም፣ በተግባር የሚያርፈውም፣ ከሞላ ጎደል ቀለም ባላቸው ሰዎች ላይ ብቻ ነው ይላሉ። ብዙ የመንግሥት ሰነድ አንብቤያለሁ። የራሱን ሰም በገዛ እጁ እንዲህ ገልጦ ያሳየ ጥቂት ነው። ቅኔ ቤት ቢሆን ቅኔው ተፈታ ተብሎ ይሳቅ ነበር።

ኖቬምበር 1961 ረቂቁ ፓርላማ ሲቀርብ የሌበር መሪው ሂው ጌትስኬል ጨካኝ ጸረ-ቀለም ሕግ ነው ብለው አወገዙት። የአየርላንድ ጥያቄ እዚህም ተነሣ። መንግሥት አይሪሹን በረቂቁ አካተትኩ አለ፤ ድንበሩን መቆጣጠር አይቻልም ብሎ ደግሞ በተግባር ተወው። ሕጉ በኤፕሪል 1962 ጸደቀ፣ ጁላይ 1 ሥራ ላይ ዋለ። ጃማይካ ነጻ የወጣችው በሚቀጥለው ወር ነው።

ውጤቱ ያልጠበቁት ሆነ። በሩ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ቆይቼ እሄዳለሁ ያለው ሁሉ ተነሣ። ከአዲሶቹ የኮመንዌልዝ አገሮችና ከቅኝ ግዛቶች በ1960 የገባው 57,700 ነበር። በ1961 136,400 ሆነ። በ1962 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ብቻ 94,900 ገባ። ከዚያ በፊት ብዙ ወንድ ብቻውን መጥቶ፣ ሠርቶ፣ ገንዘብ ይዞ ይመለስ ነበር። አሁን ከተመለሰ ዳግመኛ ላይገባ ነው። ስለዚህ መሄዱን ትቶ ሚስቱንና ልጆቹን አስመጣ። ሊቀንስ የወጣው ሕግ እንግዳውን ነዋሪ አደረገው። ገልፍ አገር ያለ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ስሌት ለመረዳት ኢኮኖሚክስ መማር አያሻውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልበል፤ መንገዱ አንዴ ከተቀደደ መሄዱ ቀላል ነበር። ጌትስኬል በ1963 ሞቱ። ሌበር በ1964 ሲመረጥ ሕጉን አልሻረም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ይሆናሉ የተባሉት ፓትሪክ ጎርደን ዎከር ስሜቲክ በሚባል የምርጫ ክልል በስደተኛ ጥላቻ በተካሄደ ቅስቀሳ ተሸንፈው ነበርና ሁሉም ደንግጧል። በ1965 ቫውቸሩን በዓመት ወደ 8,500 ዝቅ አደረጉት፤ «ሐ» ተሰረዘ።

በ1968 ተራው የኬንያ ህንዶች ሆነ። ናይሮቢ የኖሩ፣ ኬንያ ነጻ ስትወጣ የእንግሊዝ ዜግነታቸውን የያዙ ነጋዴዎችና ጸሐፊዎች ናቸው። ፓስፖርታቸውን የሰጣቸው የለንደን መንግሥት ስለሆነ የ1962ቱ ሕግ አይነካቸውም ነበር። የሥራ ፈቃድ ሲከለከሉ ወደ እንግሊዝ መጉረፍ ጀመሩ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጄምስ ካላሃን ሕግ አቀረቡ፤ በቀናት ውስጥ አልቆ ማርች 1 ጸደቀ። በአዲሱ ሕግ እንግሊዝ ውስጥ የተወለደ ወላጅ ወይም አያት የሌለው ሰው፣ የእንግሊዝ ፓስፖርት ቢይዝም፣ የመግባት መብት የለውም። የኮመንዌልዝ ሚኒስትሩ ጆርጅ ቶምሰን ይህ በቀለም ማዳላት ነው፣ ከቆምንለት ሁሉ ጋር ይጋጫል ብለው ለካቢኔው ጽፈው ነበር። አልሰሟቸውም። በቀጣዩ ወር ወግ አጥባቂው እንደራሴ ኢኖክ ፓውል በርሚንግሃም ላይ የስደተኞችን መምጣት ያወገዙበትን ያንን የታወቀ ንግግራቸውን አደረጉ። ሆስፒታሎች የካሪቢያን ነርሶችን ሲቀበሉ፣ ከ1960 እስከ 1963፣ የጤና ሚኒስትሩ እሳቸው ነበሩ። የ1971ዱ ሕግ ደግሞ የአያትን ነገር መርህ አደረገው። ሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 1 ቀን 1973 ነው፤ ብሪታንያ የአውሮፓ ማኅበረሰብን በተቀላቀለችበት በዚያው ዕለት።

ይህ የእኔ የግል አስተያየት ብቻ እንዳይመስልዎ። በ2024 የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ ያስጠናውና ለዓመታት ሳያወጣው የቆየው ጥናት ይፋ ሆኗል። ከ1950 እስከ 1981 የወጣ እያንዳንዱ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ፣ ቢያንስ በከፊል፣ ጥቁርና ቡናማ ቆዳ ያላቸውን ሰዎች ቁጥር ለመቀነስ የታሰበ ነበር ይላል።

ለባልደረባዎ አባት ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 1973 ከሁሉ የምትበልጥ ቀን ናት። ከዚያ በፊት ገብተው የኖሩ የኮመንዌልዝ ሰዎች የመኖር መብታቸው በ1971ዱ ሕግ ተጠብቋል፤ ማረጋገጫ ወረቀት ግን ለሁሉም አልተሰጠም። ማንም አይጠይቃቸውም ነበርና አላስፈለጋቸውም። ከ2012 በኋላ ግን ቀጣሪው፣ አከራዩ፣ ባንኩ፣ ሆስፒታሉ ሁሉ ወረቀት እንዲጠይቅ የሚያደርግ አሠራር መጣ። ወደብ ላይ ሲገቡ የሞሉት አሮጌው የመግቢያ ካርድ ደግሞ በ2010 ሌላው ፋይል ሲጸዳ አብሮ ተወግዷል። 50 ዓመት ግብር የከፈሉ ሰዎች ከሥራ ተባረሩ፣ ሕክምና ተከለከሉ፣ ታሰሩ፣ አንዳንዶቹም ከአገር ተባረሩ። በ2018 ነገሩ ሲፈነዳ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ አምበር ራድ ሥልጣን ለቀቁ። ማረጋገጫው አሁን በነጻ ይሰጣል። የሚጠየቀው ከ1973 በፊት እዚህ እንደኖሩ የሚያሳይ ነገር ነው፦ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የቀበሌ ቤት ውል የመሰለ። አባቷ እስካሁን ካላወጡ፣ የድሮ የደመወዝ ወረቀታቸውን የት እንዳስቀመጡት ዛሬውኑ ትጠይቃቸው።